«ዋናው ልብ ነው»፦ ኢማንና ዐመል (እምነትና ተግባር) የሚገናኙት የቱ ጋ ነው?

አቡ ማሂር

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንድ ክርክር ሁሌ ይነሳል፣ ሁሌም ሳይቋጭ ይቀራል። አንዱ «ኢማን የልብ ነው፤ አላህ የሚያየው ልብን ነው፤ ባልሰግድም ልቤ ንፁህ ነው» ይላል። ሌላው «ሶላት የሌለው ኢማን የለውም» ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ከዚያ ስድብ ይከተላል። እዚህ ኪታብ የቀራችሁ (የሃይማኖት መጻሕፍት የተማራችሁ) ስላላችሁ ረጋ ብላችሁ አስረዱን፦ ዐመል የኢማን አካል ነው ወይስ ፍሬው? በሶላቱ፣ በፆሙ፣ በዘካው ውስጥስ የልብ ድርሻ የሚገባው በትክክል የቱ ጋ ነው? «ከልብ ይሁን» የሚለው ምክር ብቻውን ምን አድርግ እንደሚለኝ አይገባኝም።

ደረሳው

ወዐለይኩሙሰላም። ሲጀመር «አላህ የሚያየው ልብን ነው» የሚባለው ሐዲስ (የነቢዩ ንግግር) ተቆርጦ ነው የሚጠቀሰው። ሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ የዘገቡት ሙሉው «አላህ ወደ መልካችሁና ወደ ገንዘባችሁ አይመለከትም፤ ነገር ግን ወደ ልባችሁና ወደ ሥራችሁ ይመለከታል» የሚል ነው። «ወደ ሥራችሁ» የምትለዋን ጥሎ ልብን ብቻ ማስቀረት ሐዲሱን ወደ ተቃራኒው መገልበጥ ነው።

ወደ ጥያቄህ ስንመጣ፣ ኢማም ማሊክ (በ179 ዓመተ ሂጅራ፣ ዓ.ሂ.፣ የሞቱ)፣ ኢማሙ ሻፊዒይ (204) እና ኢማም አሕመድ (241) «ኢማን ንግግርና ተግባር ነው፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል» ይላሉ። ኢማም አቡ ሐኒፋ (150) ደግሞ «በልብ ማጽደቅና በአንደበት መመስከር ነው» ብለው ዐመልን ከትርጉሙ ውጭ አድርገውታል።

የፊተኞቹ ማስረጃ አል-በቀራ 143 ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ገብተው 16 ወይም 17 ወር ያህል ወደ በይተል መቅዲስ (ኢየሩሳሌም) ሰገዱ። ቂብላው (የሶላት አቅጣጫው) ወደ ከዕባ ሲዞር «ከዚህ በፊት የሞቱት ወንድሞቻችን ሶላት ምን ሊሆን ነው?» ተባለ። አንቀጹም «አላህ እምነታችሁን የሚያጠፋ አይደለም» ብሎ መለሰ። ሙፈሲሮቹ (የቁርኣን ተንታኞች) «እምነታችሁን» ማለት «ሶላታችሁን» ማለት ነው ብለዋል፤ ጥያቄው ስለ ሶላት ነበርና። ሶላቱ ራሱ ኢማን ተብሎ ተጠራ ማለት ነው። የኢማን ቅርንጫፎች ሐዲስም እንዲሁ ነው፦ ከ60 (በሌላው ዘገባ ከ70) በላይ ናቸው፤ ከፍተኛዋ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ማለት፣ ዝቅተኛዋ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገር ማንሳት፣ ሐያእም (ሐፍረትም) አንዷ ናት። አንዷ የምላስ፣ አንዷ የእጅ፣ አንዷ የልብ።

የአቡ ሐኒፋ ወገን «ያመኑና መልካም ሥራዎችን የሠሩ» በሚለው የቁርኣን አነጋገር ይሞግታል፤ «ና» የምትለዋ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የምታያይዘው ይላል። ግን ልብ በሉ፣ ግዴታውን የተወ ሰው ወንጀለኛ ነው፣ ቅጣትም ይገባዋል በሚለው ላይ አቡ ሐኒፋም አይለዩም። ስለዚህ ልዩነቱን ብዙዎች ከቃል አጠቃቀም የማያልፍ አድርገው ያዩታል። ከሁሉም የወጡት ሁለት ጫፎች ናቸው፦ በትልቅ ወንጀል ሰውን ከእስልምና የሚያስወጡት ኸዋሪጆች፣ «ኢማን ካለ ወንጀል አይጎዳም» የሚሉት ጽንፈኛ ሙርጂአዎች። «ባልሰግድም ልቤ ንፁህ ነው» የሚለው ወንድማችን ስማቸውን ሰምቶ ባያውቅም የሙርጂአዎቹን ቃል ነው የሚደግመው።

አንሷሪ 7

ይህ ሁሉ ማርዘም ለምን አስፈለገ? «በሰውየውና በሺርክ (በአላህ ላይ ማጋራት)፣ በኩፍርም (ክህደት) መካከል ሶላትን መተው አለ» ሙስሊም ዘግበውታል። ሰሒሕ (የተረጋገጠ) ነው፣ ግልጽ ነው፣ አለቀ።

የሐረር ጎህ

ወንድሜ፣ ሐዲሱ ሰሒሕ ነው፤ ያላለቀው አረዳዱ ነው። ሶላት ግዴታ አይደለም ብሎ የካደ ሰው ላይ ክርክር የለም። በስንፍና በተወው ላይ ግን ከኢማም አሕመድ በታወቀው ዘገባ ኩፍር ነው፤ በሻፊዒይና በማሊክ ትልቅ ወንጀለኛ የሆነ ሙስሊም ነው፣ ቀዷም (ያለፈውን መክፈልም) አለበት፤ በአቡ ሐኒፋም አይከፍርም። እነዚህም የሚይዙት ሐዲስ አላቸው፦ ዑባዳ ኢብኑ ሷሚት በዘገቡት ላይ አምስቱን ሶላት ያልጠበቀ ሰው «ከአላህ ዘንድ ቃል ኪዳን የለውም፤ ቢሻ ይቀጣዋል፣ ቢሻ ጀነት ያስገባዋል» ተብሏል። ካፊር ቢሆን ኖሮ «ቢሻ ጀነት ያስገባዋል» አይባልም ነበር።

ደግሞ ፍርዱ የሚያስከትለውን አስበው። ከፈረ ካልክ ኒካሑ (ጋብቻው) ይፈርሳል፣ አይወርስም፣ አይታጠብም፣ አይሰገድበትም፣ ሙስሊም መቃብር አይገባም። የኢማም አሕመድ መዝሀብ (የሕግ መንገድ)፣ የሐንበሊው ሊቅ ኢብን ቁዳማ (620 ዓ.ሂ.) የገዛ መዝሀባቸው ታዋቂ ቃል እያለ፣ በየትኛውም ዘመን ሶላት የተወ ሰው ሳይታጠብ፣ ሳይሰገድበት ቀረ ወይም ውርሱ ተከለከለ ሲባል አናውቅም ብለው ጽፈዋል። ይህን ፍርድ ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) እንጂ የቴሌግራም ቡድን አይሰጥም።

አንሷሪ 7

የኢብን ቁዳማን አላውቅም ነበር፣ ጀዛከላህ። ግን «ወንጀለኛ ሙስሊም ነው» ማለት ሰዉን ያዘናጋል።

የሐረር ጎህ

በሻፊዒዮቹ ኪታብ ያው «ሙስሊም ነው» የተባለው ሰው በሙስሊም ገዢ ፊት ቀርቦ ተውበት (ንስሐ) ይጠየቃል፣ እምቢ ካለ ቅጣቱ ሞት ነው። ሐነፊዎቹ (የአቡ ሐኒፋ ተከታዮች) እስኪሰግድ ይታሰራል ይላሉ። ማዘናጊያ አይመስለኝም። :)

ኡሙ ረያን

አቡ ማሂር፣ ሁለተኛውን ጥያቄህን ልያዘው፤ እስካሁን ማንም አልነካውም። የልብ ድርሻ በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) ስም አለው፣ ቦታም አለው፣ ሰዓትም አለው፦ ኒያ (ሥራውን ለመሥራት በልብ ማሰብ) ይባላል። ቡኻሪ ኪታባቸውን የጀመሩት በሱ ነው፤ «ሥራዎች በኒያ ናቸው»። ቦታው ልብ ነው። ሰዓቱ ግን እንደ ዒባዳው (አምልኮው) ይለያያል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

ውዱእ (የሶላት ትጥበት)፦ በሻፊዒይ ፈርዶቹ (ግዴታዎቹ) 6 ናቸው። ኒያ፣ ፊት፣ እጅ እስከ ክርን፣ ከራስ ጥቂቱን ማበስ፣ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቅደም ተከተል። ኒያው ፊት ላይ የመጀመሪያው ውሃ ሲያርፍ አብሮ መኖር አለበት። አንድ ሰው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ከላብና ከአቧራ ሊፀዳ ብቻ ፊቱን ታጠበ እንበል፤ እጁ ላይ ሲደርስ «ውዱእ ላድርግ» አለ። ፊቱ አልተቆጠረለትም፤ ነይቶ ከፊቱ እንደገና ይጀምራል። በሐነፊ ደግሞ ፈርዶቹ 4 ናቸው (ፊት፣ እጅ፣ ከራስ ሩቡን ማበስ፣ እግር)፤ ኒያ ሱና (የተወደደ እንጂ ግዴታ ያልሆነ) ነው። ወንዝ የወደቀ ሰው አራቱን ውሃ ካገኛቸው በሐነፊ ውዱእ አለው፣ በሻፊዒይ የለውም። ወሎ ውስጥ ሁለቱም መዝሀብ ስለሚቀራ ይህ ልዩነት በአንድ መስጂድ ውስጥም ያጋጥማል።

ሐነፊዎቹ ልብን ንቀው አይደለም። «ውሃ በተፈጥሮው ያፀዳል፤ አፈር ግን አያፀዳም» ይላሉ። ለዚህ ነው ተየሙም (በአፈር መፀዳት) ላይ ሲደርሱ እነሱም ኒያን ፈርድ ያደረጉት።

ሶላት፦ በሻፊዒይ የፈርድ ሶላት ኒያ ሦስት ነገር ይይዛል። መስገድን ማሰብ፣ የትኛው ሶላት እንደሆነ መለየት (ዙህር፣ ዐስር)፣ ፈርድ መሆኑን። ይህ «አላሁ አክበር» ሲባል ልብ ውስጥ መገኘት አለበት። ዝም ብሎ ሱና ለሚሰግድ አንዱ፣ መስገድን ማሰቡ ብቻ ይበቃዋል።

ሰዒድ የመርካቶ

እዚህ ላይ ነው ችግሩ! መስጂድ ውስጥ «ኡሰሊ ፈርደ…» («ፈርዱን እሰግዳለሁ…») እያለ አምስት ጊዜ እጁን የሚያነሳና የሚያወርድ ሰው ታያላችሁ፤ ኢማሙ ሩኩዕ (ማጎንበስ) ወርዷል፣ እሱ ገና ተክቢራ («አላሁ አክበር» ማለት) ላይ ነው። ኒያው ከተክቢራው ጋር መግጠም አለበት ስለተባለ ፊደል በፊደል ሊያገጥም ይታገላል።

ኡሙ ረያን

ትክክል፣ ወስዋስ (የማያቋርጥ ጥርጣሬ) የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ነወዊ ራሳቸው ሻፊዒይ ሆነው ኒያው ከተክቢራው ከእያንዳንዱ ፊደል ጋር መገጣጠም የለበትም ብለዋል፤ ሰውየው ምን እንደሚሰግድ ሳይዘነጋ ተክቢራ ካደረገ ይበቃዋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በዚያች ቅፅበት «ምን ልትሰግድ ነው?» ቢባል ሳያስብ «ዙህር» የሚል ከሆነ ነይቷል።

በምላስ ማለቱን በተመለከተ የኋለኞቹ ሻፊዒዮች ልብን ያግዛል ብለው ወደውታል፤ ኢብን ተይሚያ (728 ዓ.ሂ.) ቢድዓ (በሃይማኖት መጤ ነገር) ነው ብለዋል። ሁለቱም ወገን ግን በአንድ ነገር ይስማማል። ምላስ «ዐስር» ብሎ ልብ «ዙህር» ካሰበ የሚቆጠረው የልቡ ነው። ስለዚህ አፉ ስለተሳሳተበት እንደገና ተክቢራ የሚያደርግ ሰው ትክክለኛውን ሶላት እያፈረሰ ነው።

ደረሳው

እግረ መንገዴን፣ ሶላት ውስጥ ከልብም ከአካልም ጋር የተያያዘች አንዲት ሩክን (የሶላት ምሰሶ) አለች፣ ሰው ግን ይዘላታል፤ ጡመእኒና፣ ረግቶ መቆም። አንዳንዱ ኪታብ የሶላት ሩክን 13 ነው ይላል፣ ሌላው 17። ጀማሪ ደረሳ ይደናገጣል፤ ሚስጥሩ ግን በአራት ቦታ (ሩኩዕ፣ ከሩኩዕ ቀና ማለት፣ ሱጁድ፣ በሁለት ሱጁድ መካከል መቀመጥ) ያለችውን ጡመእኒና ለብቻዋ መቁጠርና አለመቁጠር ነው።

መጠኗ አጭር ናት፦ እያንዳንዱ አካል ከእንቅስቃሴ አርፎ አንድ «ሱብሓነላህ» የሚባልበት ያህል። ሱጁድ ላይ ደግሞ ግንባር መንካቱ ብቻ አይበቃም፣ ክብደቱን መጣል አለበት፤ ከሥሩ ጥጥ ቢኖር ተጨፍልቆ እስኪታይ ድረስ ይላሉ ሻፊዒዮቹ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰው ከግንባሩ ምንም መሬቱን ካልነካ በሻፊዒይ ሱጁዱ ልክ አይደለም፤ በሐነፊ የተጠላ ቢሆንም ያልፋል።

ያ ተጣድፎ ሰግዶ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ጊዜ «ተመለስና ስገድ፣ አልሰገድክምና» የተባለው ሰው ኢማን የለህም አልተባለም። ያስተማሩት «እስክትረጋ ድረስ» የምትለዋን ቃል ደጋግመው ነው። ልቡን አልጠየቁትም፣ ወገቡን ነው ያስተካከሉት።

አቡ ማሂር

ሱብሓነላህ። ታዲያ ሩክኑን ሁሉ ጠብቆ ልቡ ገበያ ያለ ሰውስ?

ደረሳው

ሶላቱ ልክ ነው፣ ቀዷ አይባልም። ምንዳው ሌላ ሒሳብ ነው። አቡ ዳውድ ከዐማር በዘገቡት ሐዲስ ሰውየው ሶላቱን ጨርሶ ሲሄድ የሚጻፍለት አሥረኛዋ ብቻ፣ ዘጠነኛዋ፣ ስምንተኛዋ እያለ እስከ ግማሿ ሊሆን ይችላል። ፈቂሁ (የሕግ ሊቁ) የሚጠይቀው «ግዴታው ወረደ ወይ?» ነው፤ ምን ያህሉ እንደተጻፈ አላህ ያውቃል። ሁለቱን ጥያቄ የሚያደባልቅ ሰው ወይ «ሐሳቤ ተበተነ» ብሎ ሶላቱን ሲደግም ይውላል፣ ወይ «ኹሹዕ (የልብ መሰብሰብ) ከሌለኝ ምን ይረባኛል» ብሎ ጭራሽ ይተዋል።

ነጅማ

ስለ ፋቲሓ (በሶላት ስለሚቀራው የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ) አንድ ነገር ልጨምር፤ «ልቤ ያውቀዋል» የሚባለው እዚህም ይመጣል። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ፋቲሓ በስልክ ይዞራል፣ ብዙ ሰው በሱ ይሐፍዛል (በቃሉ ይይዛል)። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ብለን ጽፈን «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የምንለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። በፋቲሓ ውስጥ (ከነቢስሚላሁ) 14 ሸዳ (የማጥበቂያ ምልክት) አለ፣ በሻፊዒይ አንዷን መጣል ያንን ቃል ያበላሻል። «ኢያከ» ላይ ያ ካልጠበቀች ቃሉ የፀሐይ ብርሃን ወደሚል ትርጉም ይሄዳል። «አንዐምተ»ን «አንዐምቱ» ያለ ሰው «ጸጋ የሰጠሁት እኔ» አለ።

ፊደላችን ሲናገሩት ሐ፣ ሀ፣ ኸ አንድ ይሆናል፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ። ዐረብኛ ላይ ግን ሲን፣ ሳ (ምላስ በጥርስ መካከል) እና ሷድ ሦስት ናቸው። ረጅም አናባቢም ጽሑፉ ላይ አይታይም። በአማርኛ የተጻፈውን ለማስታወሻ ያዙት፣ ግን ቃሪእ (ቁርኣን አስተካክሎ የሚቀራ ሰው) ፊት ተቀምጣችሁ አንድ ጊዜ አሰሙት።

ሰዒድ የመርካቶ

ምላሳቸው እምቢ ያላቸው እናቶችስ? ስንቶች ናቸው «ዷድ» የምትባለውን የዐረብኛ ፊደል መጥራት የማይችሉት!

ነጅማ

የሚችለውን ተምሮ ምላሱ ያቃተው ሶላቱ ትክክል ነው፤ አላህ ከአቅም በላይ አያስገድድም። ጥያቄው መማር እየቻለ በተወው ላይ ነው። እናቶችን በሰው ፊት ማረም ግን ከወንጀል አይተናነስም፣ ቀስ ብሎ ይነገራል።

የሐረር ጎህ

«እየቻለ» የምትለዋ ቃል የዚህ ውይይት ቁልፍ ትመስለኛለች። ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ነጃሺ፣ የሐበሻው ንጉሥ። ቁርኣን ተነቦላቸው አመኑ፤ በሕዝባቸው መካከል ግን ከሸሪዓው ብዙውን በግልጽ መፈጸም አልቻሉም፣ ወደ መዲናም አልተሰደዱም። ሲሞቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያኑ ዕለት ለሶሓቦች (ለባልደረቦቻቸው) ነግረው፣ ሰልፍ አስይዘው፣ በ4 ተክቢራ ሰገዱባቸው። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች በሌለ ሰው ላይ መሰገድ ይቻላል የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

የነቢዩ አጎት አቡ ጧሊብ ደግሞ ነቢዩን አሳደጉ፣ ጠበቁ፣ በሺዕብ (በታገዱበት ሸለቆ) ውስጥ አብረው ተራቡ። እውነተኝነታቸውን ያውቁ ነበር። ሲሞቱ አንዲት ቃል («ላ ኢላሀ ኢለላህ») እንዲሉ ተለመኑ፣ አላሉም። ልባቸው ያውቅ ነበር፣ ከማንም በላይ ውለታ ዋሉ፤ ግን መቀበሉ የለም። ኢብሊስስ ቢሆን አላህን ያውቅ አልነበር?

ማወቅ ብቻውን ኢማን አይደለም፤ ዑዝር (በቂ ምክንያት) ያለው ሰው ተግባር ማነሱም ኢማን ማጣት አይደለም። ተቡክ ዘመቻ ላይ (9 ዓ.ሂ.) «መዲና የቀሩ ሰዎች አሉ፤ ሸለቆ አልተሻገራችሁም እነሱ አብረዋችሁ ቢሆኑ እንጂ፤ ዑዝር ነው ያስቀራቸው» ተብሏል። መልካም ነገር አስቦ ላልሠራው አንድ ሐሰና (ምንዳ)፣ ለሠራው ከ10 እስከ 700 እጥፍ ይጻፋል። ኒያ ዋጋ አለው፣ ልዩነቱም ይሄን ያህል ነው።

ኡሙ ረያን

ማሻአላህ። ፆምና ዘካ ቀርተውብኛል፣ በአጭሩ።

ረመዳን፦ በሻፊዒይ ኒያው ለእያንዳንዱ ቀን በሌሊት፣ ከመግሪብ (ፀሐይ መጥለቂያ) እስከ ፈጅር (ጎህ መቅደጃ) ባለው ጊዜ መሆን አለበት። ለነገ ፆም ብሎ ለሱሑር (ከፈጅር በፊት ለሚበላው ምግብ) የተነሳ ሰው ፆሙን እያሰበ ከበላ ነይቷል። በማሊኪ የወሩ የመጀመሪያ ሌሊት አንድ ኒያ ለሁሉም ይበቃል፤ በበሽታ ወይም በሐይድ (በወር አበባ) ከተቋረጠ ይታደሳል። በሐነፊ የረሳ ሰው የፆሙ ቀን ከመጋመሱ በፊት መነየት ይችላል፣ ምንም ካልቀመሰ። ፈጅር ከሌሊቱ 11፡00፣ መግሪብ ከምሽቱ 12፡30 ከሆነ ቀኑ 13 ሰዓት ተኩል ነው፤ ግማሹ 5፡45 ላይ ይወድቃል፣ እኩለ ቀን ሳይሆን። ይህ ግን ለቀዷ አይሠራም፣ ቀዷ በሐነፊም በሌሊት ይነየታል።

ዘካ ላይ ሰዉ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ፣ ዓመቱን ሙሉ ለድሃ ሲሰጥ ከርሞ በመጨረሻ «ያ ዘካዬ ይሁን» የሚለው። ኒያው ገንዘቡ ሲሰጥ ወይም ለዘካ ተለይቶ ሲቀመጥ መኖር ነበረበት፤ ያለፈው ሰደቃ (የፈቃድ ምጽዋት) ነው፣ ዘካው ገና አለበት። ሁለተኛው፣ 2,500 ብር ያበደረውን ድሃ «ማርኩህ» ብሎ የ100,000 ብሩ ዘካ (2.5 በመቶ) አድርጎ የሚቆጥር። በአብዛኞቹ ፉቀሃ (የሕግ ሊቃውንት) ዘንድ አይበቃም፤ ዘካ ማስጨበጥ ነው። ዘካውን ሰጥቶት ድሃው ያለ ቅድመ ውል በራሱ ፈቃድ ዕዳውን ቢከፍልበት ግን ችግር የለውም።

አቡ ማሂር

አላህ ይጨምርላችሁ። የ«ከልብ ይሁን» ትርጉም አሁን መጨበጫ አገኘ። አንድ የቀረችኝ የቤት ጥያቄ ናት፦ ሊጥ ስታቦካ ጥፍሯ ሥር የገባባት፣ እንሶስላ የሞቀች፣ ኩቴክስ የተቀባች ሴት ውዱእ እንዴት ነው? ሦስቱንም አንድ አድርገው «ልብ ነው ዋናው» ይሏታል፣ ወይ ሦስቱንም ይከለክሏታል።

ኡሙ ረያን

መለያው አንድ ነው፦ ውሃ ከቆዳው ወይም ከጥፍሩ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? እንሶስላና ሂና ቀለም ብቻ ነው የሚተዉት፤ ዝቃጩ ታጥቦ ከሄደ ቀይነቱ ምንም አይከለክልም። ኩቴክስ ልጣጭ ያለው ሽፋን ነው፣ በጥፍር ስትፍቂው ይላጣል፤ ከውዱእ በፊት በማስለቀቂያ ይነሳል። ቫዝሊንና ቅቤ ውሃው በላዩ ቢንሸራተትም ቆዳውን እየነካ እስከሄደ ድረስ አይከለክሉም፣ ረግቶ የቆመ ቅቤ ካልሆነ በቀር።

ሊጥ፣ የደረቀው በተለይ፣ በሻፊዒይ ይከለክላል፤ ከጥፍር ሥርም ሆነ ከቀለበት ሥር መነሳት አለበት። ከሐነፊዎች ከጥፍር ሥር ላለው ትንሽ ነገር ያቀለሉ አሉ። ሰግዳ ከጨረሰች በኋላ የደረቀ ሊጥ ካየች፣ ውዱእ ስታደርግ እንደነበረ እርግጠኛ ከሆነች አንስታ፣ ቦታውን ታጥባ፣ በሻፊዒይ ከሱ በኋላ ያሉትን አካላት በቅደም ተከተል ታጥባ ሶላቱን ትደግማለች። ከውዱእ በኋላ አቡክታ ከሆነ ምንም የለባትም። የቱ እንደሆነ ከተጠራጠረችና ሊጡ ከውዱእ በኋላ ሊገባ ይችል ከነበረ፣ ወደ ቅርቡ ጊዜ ታስጠጋዋለች፣ ሶላቷም ልክ ነው።